ስልክም ዘበኛ ያስፈልገዋል

ሰው በሩቅ ካለው ባልንጀራው ጋራ በቃል ይነጋገር ዘንድ ያስቻለው የስልክ ጥበብ ከተገኘ ብዙ ዘመን ሆኖታል። አሌክሳንደር ግራሃም ቤል የተባለው ሊቅ ስለዚሁ መሣሪያ ከአሜሪካ መንግሥት የፈጠራ መብት የተቀበለው በ1876 ነው፤ በኢትዮጵያም የስልክ ሥራ መጀመሪያ በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት በ1894 እንደ ሆነ ይቈጠራል። (በዚህ ጽሑፍ የኢትዮጵያ ተብሎ ካልተለየ በቀር ዓመታቱ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) ከዚያን ጊዜ ወዲህ ስልክ ለመንግሥት ሥራ፥ ለንግድና ለሰው ኑሮ የሰጠው ጥቅም ተዘርዝሮ የሚያልቅ አይደለም። ነገር ግን ጥቅም ያለውን ነገር ሁሉ ሌባ ይመኘዋልና፥ ስልክም እንደ ገንዘብ ሣጥንና እንደ እህል ጎተራ ጠባቂ የሚያስፈልገው መሆኑን ብዙ የሥራ መሪዎች ገና አልተገነዘቡትም።

ይህን ለመረዳት በአሜሪካ በጆርጂያ ግዛት ኖርክሮስ በምትባል ከተማ በ2014 የሆነውን መመልከት ይበቃል። በዚያች ከተማ 7 ሰዎች ብቻ የሚሠሩበት የሕንፃ ንድፍ የሚያወጣ አንድ መሥሪያ ቤት ነበረ። በማርች ወር በአንድ ቅዳሜና እሑድ፥ ሠራተኞቹ ወደየቤታቸው ሄደው ቢሮው ተዘግቶ ሳለ፥ በመሥሪያ ቤቱ የስልክ መስመር ወደ ጋምቢያ፥ ወደ ሶማሊያና ወደ ማልዲቭ ደሴቶች ሲደወል ሰነበተ። ሒሳቡ በተደመረ ጊዜ 166,000 ዶላር ሆኖ ተገኘ። መሥሪያ ቤቱ በወትሮው ሥራው ይህን ያህል የስልክ ዕዳ ላይ ለመድረስ 34 ዓመት ይፈጅበት እንደ ነበረ ነገሩን በዚያው ዓመት በኦክቶበር ያወጣው የኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ገልጿል። በሩ አልተሰበረም፤ መስኮቱ አልተነካም፤ ከጠረጴዛው ላይ አንዲት ወረቀት እንኳ አልጠፋችም። የተሰረቀው የመደወል ሥልጣን ነው።

ሌባው በሰው ስልክ ወደ ሩቅ አገር በመደወል ምን ይጠቀማል የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። መልሱ ይህ ነው። በብዙ አገሮች ደዋዩን ከተራው ዋጋ አብልጠው የሚያስከፍሉ ልዩ የስልክ ቍጥሮች አሉ፤ እንዲህ ያለውን ቍጥር የተከራየ ሰውም ከሚሰበሰበው ገንዘብ ድርሻውን ይቀበላል። ሌባው አስቀድሞ ከእነዚህ ቍጥሮች አንዱን ወይም ብዙውን በስውር ይከራያል። ቀጥሎ ወደ ሌላ ሰው የስልክ ማዞሪያ ሰርጎ ይገባና፥ ማዞሪያው ወደዚያ ቍጥር ሌሊቱን ሁሉ፥ ባንድ ጊዜም በብዙ መስመር፥ እንዲደውል ያዛል። በወዲያኛው ጫፍ የሚመልስ ሰው ባይኖርም ግድ የለውም፤ መስመሩ ተከፍቶ ደቂቃው መቈጠሩ ብቻ ይበቃዋል። ሒሳቡ ከኩባንያ ወደ ኩባንያ፥ ከአገር ወደ አገር ሲተላለፍ ሌባው ድርሻውን ይዞ ይሰወራል፤ የዕዳው ደብዳቤ ግን ለስልኩ ባለቤት ይደርሰዋል። ሌሊት፥ እሑድና በዓል ለዚህ ሥራ የሚመረጡትም ተመልካች ስለማይኖርባቸው ነው።

ይህም የአንድ ትንሽ መሥሪያ ቤት መከራ ብቻ አይደለም። በጁን 2009 በኒው ጀርሲ በቀረበው የአሜሪካ የፍትሕ ሚኒስቴር ክስ እንደ ተገለጠው፥ በፊሊፒንስ ይኖሩ የነበሩ ሰርጎ ገቦች በአሜሪካ፥ በካናዳ፥ በአውስትራሊያና በአውሮፓ ከ2,500 በላይ የሚሆኑ የስልክ ማዞሪያዎችን ከፍተው ነበር። የከፈቱትንም መስመር በጣሊያን የጥሪ ቤት ላላቸው ሰዎች ይሸጡ ነበር። በዚህ መንገድ ከ12 ሚሊዮን ደቂቃ የሚበልጥ ንግግር ተላልፏል፤ ዋጋውም ከ55 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው ተብሏል። የስልክ ኩባንያዎች ማጭበርበርን ለመከላከል ያቋቋሙት ዓለም አቀፍ ማኅበር በ2021 ባወጣው ግምት፥ በዓለም ላይ በልዩ ልዩ የስልክ ማጭበርበር በዓመት የሚጠፋው ገንዘብ ወደ 39.9 ቢሊዮን ዶላር ይደርሳል።

የዚህ ወንጀል ሥሩ ጥንታዊ ነው። በቀድሞው የአሜሪካ የስልክ ሥራ፥ የሰው ንግግርና ማዞሪያው የሚታዘዝበት ምልክት በአንድ ሽቦ ላይ አብረው ይሄዱ ነበር። የረጅም ርቀት መስመር ነጻ መሆኑን የሚያስታውቀው ምልክት በሰከንድ 2,600 ጊዜ የሚርገበገብ አንድ ቀጭን ድምፅ ነበረ። በ1957 አንድ ዐይነ ስውር ሕፃን ይህንኑ ድምፅ በአፉ ቢያፏጭ መስመሩ እንደሚታዘዝለት አወቀ። ከዚያ በኋላ ያንን ድምፅ የሚያወጡ ትናንሽ ሣጥኖች በወጣቶች ዘንድ ተሠሩ፤ በ1971 ኤስኳየር የተባለው መጽሔት ምሥጢሩን በገለጠ ጊዜም፥ ወደ ፊት የአፕል ኩባንያን ያቋቋሙት ስቲቭ ዎዝኒያክና ስቲቭ ጆብስ ያንኑ ሣጥን ሠርተው እስከ መሸጥ ደርሰው ነበር። የስልክ ኩባንያዎችም ፈውሱን ያገኙት ትእዛዙን ከንግግሩ ለይተው በሌላ መንገድ እንዲሄድ በማድረግ ነው። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጥ ነው፤ የጌታው ትእዛዝና የመንገደኛው ወሬ በአንድ በር ሲገቡ መንገደኛው ጌታ ሊሆን ይችላል።

ዛሬ ግን ያ የተዘጋው በር በሌላ ወገን ተከፍቷል። የመሥሪያ ቤቱ የስልክ ማዞሪያ ቀድሞ በአንድ ክፍል የተቀመጠ፥ ሽቦው የሚታይና የሚዳሰስ ሣጥን ነበረ። አሁን በብዙ ቦታ ማዞሪያው ራሱ ኮምፒዩተር ሆኗል፤ ንግግሩም ትእዛዙም በኢንተርኔት ይሄዳል። ለጥሪው ሥራ የሚያገለግለው ሲፕ የተባለው ሥርዓት ዛሬ በሚሠራበት መልኩ የተደነገገው በ2002 ነው። ዋጋው ከቀድሞው ስለሚቀንስና ሥራውም ስለሚቀል ነጋዴውም መንግሥቱም ወዶ ተቀብሎታል፤ መቀበሉም ስሕተት አይደለም። ነገር ግን ማዞሪያው ከኢንተርኔት ጋራ ከተገናኘ ዘንድ፥ በዓለም ዳርቻ ያለ ሌባ ከበሩ እንደ ቆመ ይቈጠራል። ቀንና ሌሊት ያለ ዕረፍት እየዞሩ የትኛው ማዞሪያ መልስ እንደሚሰጥ፥ የትኛውስ የምሥጢር ቃል ደካማ እንደ ሆነ የሚፈትሹ ፕሮግራሞች አሉ። እነርሱ ሀብታምና ድኻ፥ ትልቅና ትንሽ አይለዩም፤ የሚሹት ያልተዘጋ በር ብቻ ነው።

ያልተዘጋውም በር ብዙውን ጊዜ እጅግ ተራ የሆነ ነገር ነው። በ2006 በአሜሪካ ተይዞ ከዋስ በኋላ የኮበለለ፥ በ2009 በሜክሲኮ ተገኝቶ በ2010 የ10 ዓመት እስራት የተፈረደበት አንድ ሰው ከ10 ሚሊዮን ደቂቃ በላይ የተሰረቀ የኢንተርኔት ስልክ ሸጦ ነበር። የሥራ ባልደረባው የነበረው ሌላው ወንጀለኛ ከተፈረደበት በኋላ እንደ ተናገረው፥ ወደ መሣሪያዎቹ ለመግባት ያገዛቸው ረቂቅ ጥበብ ሳይሆን፥ ባለቤቶቹ ከፋብሪካ የመጣውን የምሥጢር ቃል ሳይለውጡ መተዋቸው ነው። በእንግሊዝ አገርም ኒውስ ኦፍ ዘ ወርልድ የተባለው ጋዜጣ ሰዎች የብዙዎችን የድምፅ መልእክት በስውር ሲያዳምጡ ኖረዋል፤ ለዚህም አንዱ መንገድ ሰዎቹ ያልለወጡት፥ ለሁሉ አንድ የሆነው የምሥጢር ቍጥር ነበረ። ነገሩ በተገለጠ ጊዜ 168 ዓመት የቆየው ጋዜጣ በጁላይ 2011 ተዘጋ። እንግዲህ አዲስ ቤት የገዛ ሰው ሻጩ ለሁሉ የሚሰጠውን አንድ ዓይነት ቁልፍ ይዞ እንደማይተኛ ሁሉ፥ አዲስ ማዞሪያ የተከለ መሥሪያ ቤትም የፋብሪካውን ቃል ይዞ ማደር አይገባውም።

ይሁን እንጂ በሩን የዘጋ ሁሉ ፈጽሞ ዳነ ማለት አይደለም። በማርች 2023 ስሪ ሲኤክስ የተባለው፥ ከ600,000 በላይ ድርጅቶች ይገለገሉበታል የተባለለት የስልክ ፕሮግራም ራሱ ተመርዞ ተገኘ። ደንበኞቹ ያወረዱት የኩባንያውን እውነተኛ ማኅተም የያዘ ትክክለኛ ዕድሳት ነበረ፤ ነገር ግን ሰርጎ ገቦች አስቀድመው ወደ ኩባንያው ገብተው ተንኰላቸውን በውስጡ አኑረው ነበር። መርማሪዎች እንዳረጋገጡት፥ የነገሩ መነሻ አንድ የኩባንያው ሠራተኛ በግል ኮምፒዩተሩ ላይ የጫነው ሌላ የተመረዘ ፕሮግራም ነው፤ ሥራውንም ከሰሜን ኮሪያ ጋራ ግንኙነት ላላቸው ሰዎች ሰጥተውታል። ደግሞም በሴፕቴምበር 2021 ቮይፕ ዶት ኤምኤስ የተባለው የካናዳ የኢንተርኔት ስልክ ኩባንያ በሐሰተኛ መልእክት ጎርፍ ተጥለቅልቆ ደንበኞቹ ለብዙ ቀን ሥራ ፈቱ፤ ጠላቶቹም ጎርፉን ለማቆም ገንዘብ ጠየቁ። ስለዚህ ጥበቃ ማለት ቁልፍ ብቻ አይደለም፤ ቁልፉ ቢከፈትም ፈጥኖ የሚያይ ዐይን፥ መስመሩ ቢቋረጥም ሥራውን የሚያስቀጥል ሁለተኛ መንገድ ያስፈልጋል።

ሊደረግ የሚገባው ነገር ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም፤ አብዛኛው ትጋት ብቻ ይፈልጋል። አንደኛ፥ መሥሪያ ቤቱ ስንት የስልክ መስመር፥ ስንት የውስጥ ቍጥር፥ ስንትስ የድምፅ መልእክት ሣጥን እንዳለው ቈጥሮ በመዝገብ መያዝ አለበት። ከሥራ የተሰናበተ ሠራተኛ ቍጥር በዚያው ቀን ይዘጋ፤ ባለቤት የሌለው ቍጥር ለሌባ ባዶ ቤት ነውና። ሁለተኛ፥ የፋብሪካው የምሥጢር ቃል በሙሉ ይለወጥ፤ ለእያንዳንዱ የውስጥ መስመርም ረጅምና ልዩ ቃል ይሰጠው። የማዞሪያው የአስተዳደር ገጽ ከውጭ በኢንተርኔት እንዳይከፈት ሆኖ፥ በቃሉ ላይ ሁለተኛ ማረጋገጫ ይጨመርበት።

ሦስተኛ፥ ወደ ውጭ አገር መደወል በመሠረቱ ይዘጋና ሥራው ለሚጠይቃቸው አገሮችና ሠራተኞች ብቻ ይፈቀድ። በሌሊትና በበዓል የሚዘጋበት ሰዓት ይወሰን፤ ሒሳቡ ከተወሰነ ልክ ሲያልፍ መስመሩን እንዲያቆም ወይም እንዲያስጠነቅቅ ከስልክ ኩባንያው ጋራ በጽሑፍ ውል ይደረግ። ከውጭ የደወለን ሰው በመሥሪያ ቤቱ መስመር አሻግሮ ወደ ሌላ ቦታ የሚያገናኘው አገልግሎት ካላስፈለገ ይጥፋ። የኖርክሮሱ መሥሪያ ቤት ታሪክ እንደሚያስረዳው፥ ከሁሉ ይልቅ ኪሳራን የሚያስቀረው ይህ ሦስተኛው ነገር ነው፤ ሌባው ቢገባ እንኳ የሚወስደው አያገኝምና።

አራተኛ፥ የስልኩ አውታር ከኮምፒዩተሩ አውታር ይለይ። የአሜሪካ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም በ2005፥ የዚያው አገር የብሔራዊ ደኅንነት ድርጅትም በጁን 2021 ባወጡት መመሪያ ይህንኑ መክረዋል፤ አንዱ ቢታመም ሌላው አብሮ እንዳይታመም ነው። አምስተኛ፥ ንግግሩና የጥሪው ትእዛዝ በምስጠራ ይሸፈን፤ ለንግግሩ ምስጠራ የሚሆነው ሥርዓት ከ2004 ጀምሮ ተደንግጎ ይገኛል፤ ብዙ መሣሪያም ይህን ችሎታ ይዞ ሳለ ሳይከፈት ይቀራል። ስድስተኛ፥ ዕድሳት በጊዜው ይደረግ፤ የጥሪው መዝገብም በየቀኑ ይታይ። አንድ ጸሓፊ ጠዋት ጠዋት ትናንት ወዴት እንደ ተደወለና ስንት ደቂቃ እንደ ሆነ ቢመለከት፥ የወር ጥፋት የአንድ ሌሊት ጥፋት ሆኖ ይቀራል። ሰባተኛ፥ ስልኩ ቢቋረጥ ሥራው በምን እንደሚቀጥል፥ ለማንስ እንደሚነገር አስቀድሞ ተጽፎ ይቀመጥ።

ይህ ሁሉ ሲደረግ ግን ልክ መጠበቅ ያሻል። ጥበቃው ከልክ ያለፈ እንደ ሆነ ሠራተኛው በመሥሪያ ቤቱ ስልክ መሥራት ይሰለቸውና የመንግሥቱን ወይም የድርጅቱን ጉዳይ በግል ስልኩ መነጋገር ይጀምራል፤ ያን ጊዜ ምሥጢሩም መዝገቡም ከመሥሪያ ቤቱ እጅ ይወጣል። የአምቡላንስ፥ የእሳት አደጋና የፖሊስ ጥሪም በምንም ምክንያት መዘጋት የለበትም። ብልህ አስተዳዳሪ የሚዘጋውን ብቻ ሳይሆን የሚከፍተውንም አስቦ ይወስናል፤ ውሳኔውም ለመሣሪያ ጠጋኙ ብቻ የሚተው አይደለም። ጠጋኙ እንዴት እንደሚዘጋ ያውቃል፤ ምን ሊዘጋ እንደሚገባ የሚያውቀው ግን የሥራው ኀላፊ ነው።

ጥፋት ከደረሰ በኋላ ሕግ ይክሰናል ብሎ መተማመን አይበጅም። በአሜሪካ የብድር ካርዱ የተሰረቀበት ሰው የሚከፍለው ዕዳ በሕግ የተወሰነ ሲሆን፥ ማዞሪያው ለተሰረቀበት ድርጅት ግን ኒው ዮርክ ታይምስ ያን ታሪክ ባወጣ ጊዜ እንዲህ ያለ ከለላ አልነበረውም፤ ያልደወለውን ጥሪ ክፈል ይባል ነበር። በኢትዮጵያም በ2004 ዓ.ም. የወጣው የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቍጥር 761 እና በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቍጥር 958 እንዲህ ያለውን ሥራ የሚሠሩትን ለመቅጣት ተደንግገዋል። ሕጉ ለፍርድ አስፈላጊ ነው፤ ይሁን እንጂ ሌባው በሌላ አገር፥ ገንዘቡም በሦስተኛ አገር ሲሆን የፍርዱ እጅ ወደ እርሱ ለመድረስ ዓመታት ይፈጃል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደ ተባለ እንዳይሆን፥ ትጋቱ ከጥፋቱ መቅደም አለበት።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን እጅግ የሚያሳስበው ሌላ አደጋ አለ፤ እርሱም በማዞሪያው ሳይሆን በሰው ጆሮ የሚገባው ነው። በ2019 በእንግሊዝ አገር የአንድ የኀይል ኩባንያ ሥራ አስኪያጅ በጀርመን ያለው የበላይ አለቃው ደውሎ ያዘዘው መስሎት 220,000 ዩሮ ላከ፤ የሰማው ድምፅ፥ የአነጋገሩ ቃና ሳይቀር፥ በኮምፒዩተር ጥበብ የተመሰለ ነበረ። በ2024 መጀመሪያም በሆንግ ኮንግ አንድ የገንዘብ ሠራተኛ በምስል ስብሰባ ላይ አለቆቹንና ባልደረቦቹን ያየ መስሎት ወደ 25 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ ገንዘብ አስተላለፈ፤ በስብሰባው ላይ ከእርሱ በቀር የታዩት ሁሉ ሐሰተኞች ነበሩ። በስልኩ መስተዋት ላይ የሚታየው የደዋይ ቍጥርም ሊመሰል ስለሚችል ማስረጃ አይሆንም፤ የአሜሪካ የመገናኛ ኮሚሽን ትልልቅ የስልክ ኩባንያዎች በኢንተርኔት አውታራቸው የደዋዩን ቍጥር እውነተኛነት የሚያረጋግጥ ሥርዓት እስከ ጁን 30 ቀን 2021 እንዲያቆሙ ማስገደዱ ስለዚሁ ነው።

የቀደሙት አባቶች የንጉሥ ደብዳቤ ሲደርሳቸው አስቀድመው ማኅተሙን ይመረምሩ ነበር። ማኅተሙን መመርመራቸው ንጉሡን መጠራጠር አልነበረም፤ በንጉሡ ስም ሐሰተኛ እንዳይገባ የንጉሡን ክብር መጠበቅ ነበር እንጂ። ዛሬ ግን በብዙ መሥሪያ ቤት የበታች ሠራተኛ የአለቃውን ድምፅ በስልክ ሲሰማ ጌታዬ፥ እርስዎ ነዎት ወይ ብሎ መጠየቅ ድፍረት መስሎ ይታየዋል። ሌባውም የሚተማመነው በዚሁ አክብሮትና ፍርሃት ነው፤ ቸኩል፥ ለማንም አትንገር፥ አሁኑኑ ፈጽም ይላል። እንግዲህ ይህን በር ሊዘጋው የሚችለው ማንኛውም መሣሪያ ሳይሆን የአለቃው የራሱ ትእዛዝ ነው። በስልክ ብቻ በተሰጠ ቃል ገንዘብ እንዳይወጣ፥ የምሥጢር ቃልም እንዳይነገር፤ እንዲህ ያለ ጥሪ የደረሰው ሰውም ስልኩን ዘግቶ በመዝገብ ወደሚያውቀው ቍጥር መልሶ እንዲደውል፤ ይህንም ያደረገ ሠራተኛ እንዲመሰገን እንጂ እንዳይገሠጽ፥ አለቃው አስቀድሞ በጽሑፍ ማስታወቅ አለበት። አለቃው ራሱ በእውነት የደወለ ጊዜም ሠራተኛው መልሼ ልደውል ቢለው በትዕግሥት መጠበቅ ይገባዋል፤ ሥርዓቱ የሚጸናው አለቃው ሲታዘዘው ነውና።

ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚለው ቃል ለዚህም ሥራ የተነገረ ያህል ነው። አዲስ መሣሪያ ገዝቶ በጠረጴዛ ላይ ማኖር ሥልጣኔ አይባልም፤ ሥልጣኔ የሚባለው መሣሪያውን ማወቅ፥ መጠበቅና ለተገዛበት ሥራ ማዋል ነው። የመሥሪያ ቤት አለቆች፥ የድርጅት ባለቤቶችና የማኅበር ኀላፊዎች ሁሉ ነገ ጠዋት ጠጋኛቸውን ጠርተው ሦስት ነገር ቢጠይቁ ትልቅ ጥበቃ ይጀምራሉ፤ ይኸውም የፋብሪካው የምሥጢር ቃል ተለውጧል ወይ፥ ወደ ውጭ አገር መደወል ለማን ተፈቅዷል፥ የትናንቱንስ የጥሪ መዝገብ ማን ተመለከተው የሚል ነው። ለእነዚህ ለሦስቱ ጥያቄዎች የታወቀ መልስ የሌለው መሥሪያ ቤት ስልኩን ለማን እንደሚያገለግል በእርግጥ አያውቅም።